ትልልቅ የመሠረተ ልማት ፕሮጀክቶች ፈቃድ ለማግኘት ለምን ዓመታት ይፈጅባቸዋል? አዲሱ የእንግሊዝ ሕግስ ያፋጥነዋል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው እንግሊዝ አገር፣ ኬንት ውስጥ፣ ግሬቭዘንድ ነው። በቴምዝ ወንዝ ሥር የሚያልፈው አዲሱ መንገድ፣ ሎወር ቴምዝ ክሮሲንግ የሚሉት፣ በእኛ በኩል ነው የሚያልፈው። መጀመሪያ ስብሰባ ሲጠሩን ልጆቼ ትንንሽ ነበሩ። አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል። መንግሥት ፈቃድ የሚያፋጥን ሕግ አወጣ ሲባል ሰማሁ። ጎረቤቶቼ ‹አፋችንን ሊዘጉን ነው› ይላሉ። ወንድሜ ደግሞ አገር ቤት መንገድ ሥራ ላይ ያለ መሐንዲስ ነው። ‹እኛን የሚገድለን ፈቃዱ ሳይሆን ወሰን ማስከበሩ ነው› ይለኛል። ጊዜው የሚባክነው በትክክል የት ላይ ነው? ሕጉስ መፍትሔ ነው?»

ምላሽ፦

መልሴን አስቀድሜ ልንገርዎት። ጊዜው የሚባክነው ነዋሪው ቆሞ በሚናገርበት መድረክ ላይ አይደለም። ማመልከቻው ከመግባቱ በፊትና መድረኩ ከተዘጋ በኋላ ነው። አዲሱ ሕግ ይህን በከፊል ይነካዋል። ጎረቤቶችዎም ዝም ብለው አልፈሩም፤ የሚያሰጋ ነገር አለ። ወንድምዎ የሚለውም ትክክል ነው፤ ከዚህኛው ጉዳይ ጋርም በደንብ ይያያዛል። አንድ በአንድ እንሂድ። የእንግሊዙን ዓመተ ምሕረት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ይህ ሥርዓት ከየት እንደመጣ። ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ አምስተኛውን ተርሚናል ለመሥራት ማመልከቻ ያስገባው በ1993 ነበር። የሕዝብ አቤቱታ የሚሰማበት ችሎት በ1995 ተከፍቶ የተዘጋው በ1999 ነው። 525 ቀን ተቀመጡ። ፈቃዱ በ2001 መጨረሻ ተሰጠ፤ ተርሚናሉ ማርች 2008 ተከፈተ። አንድ ተርሚናል፣ 15 ዓመት። ችሎቱን ካራዘሙት ነገሮች ዋነኛው ምን መሰለዎት? አገሪቱ ተጨማሪ የአየር ማረፊያ ያስፈልጋታል ወይስ አያስፈልጋትም የሚለው ክርክር ነው። ይህ የመንግሥት ጥያቄ ነው። መንግሥት ግልጽ ፖሊሲ ስላልነበረው ጥያቄው እዚያ አዳራሽ ውስጥ፣ በጠበቃ ሰዓት እየተከፈለበት፣ ለዓመታት ሲንከባለል ቆየ።

የ2008ቱ የፕላን ሕግ የወጣው ይህን ለማስተካከል ነው። ሁለት ሐሳብ ይዞ ነበር የመጣው። አንደኛ፣ «ያስፈልጋል ወይ?» የሚለውን መንግሥት በብሔራዊ የፖሊሲ መግለጫ አስቀድሞ ይመልስ፤ በየማመልከቻው እንደገና አይነሳ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ደረጃ የተቆረጠ ቀን ይኑረው። ማመልከቻው ሲገባ ፕላኒንግ ኢንስፔክቶሬት (ማመልከቻዎቹን የሚመረምረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት) በ28 ቀን ውስጥ ይቀበለዋል ወይም ይመልሰዋል። ለዝግጅት ሦስት ወር ገደማ ይሰጣል። ምርመራው ቢበዛ ስድስት ወር ነው። መርማሪዎቹ አስተያየታቸውን ለሚኒስትሩ የሚያቀርቡበት ሦስት ወር፣ ሚኒስትሩ የሚወስንበት ደግሞ ሦስት ወር። ሲደመር አንድ ዓመት ከአራት ወር ገደማ ይሆናል።

ሠርቷል ወይ? አዎ፣ ሠርቷል። ሂንክሊ ፖይንት ሲ የኑክሌር ማመንጫ ነው። ከዚያ የከበደ ፕሮጀክት ማሰብ ይከብዳል። ማመልከቻው ኦክቶበር 2011 ገብቶ ፈቃዱ ማርች 2013 ተሰጠ። ግንባታው በኋላ የገጠመው መዘግየትና የወጪ ንረት ሌላ ታሪክ ነው፤ ፈቃዱ ግን በጊዜው ደርሷል።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ እየተበላሸ የመጣው። የአገሪቱ ብሔራዊ የመሠረተ ልማት ኮሚሽን በ2023 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2012 በአማካይ 2.6 ዓመት ይፈጅ የነበረው ሂደት በ2021 ወደ 4.2 ዓመት አድጓል። ሕጉ ያው ነው። የምርመራው ስድስት ወርም ያው ስድስት ወር ነው። ታዲያ የቀረው ጊዜ የት ሄደ?

የእርስዎን ሠፈር መንገድ እንይ። አሁን ያለው የቴምዝ መሻገሪያ፣ ዳርትፎርድ የሚባለው፣ በቀን 135,000 መኪና እንዲያሳልፍ ታስቦ የተሠራ ሲሆን ዛሬ ብዙ ቀን ከ150,000 በላይ ያስተናግዳል። ስለዚህ አዲስ መሻገሪያ ይሠራ ተባለ፤ መስመሩ በ2017 ተመረጠ። በሕግ የሚጠየቀው ዋናው ምክክር በ2018 ተካሄደ። ከዚያ በ2020 ተጨማሪ ምክክር፣ በ2021 ሌላ፣ በ2022 ደግሞ ሌላ። ማመልከቻው ኦክቶበር 2020 ገብቶ በቂ መረጃ አልያዘም ተብሎ ሊመለስ ሲል አመልካቹ ራሱ በቀጣዩ ወር ሳበው። እንደገና የገባው ኦክቶበር 2022 ነው። ምርመራው ጁን 2023 ተጀምሮ ዲሴምበር 2023 አለቀ፤ ልክ ስድስት ወር። እርስዎና ጎረቤቶችዎ መናገር የምትችሉበት መድረክ ይህ ነበር። በተባለበት ቀን ተጀምሮ በተባለበት ቀን ያለቀው ክፍል እሱ ነው።

መርማሪዎቹ ሥራቸውን ማርች 2024 ጨርሰው አስረከቡ። ሚኒስትሩ በጁን መወሰን ነበረበት። ምርጫ መጣ፣ ተራዘመ። መንግሥት ተቀየረ፣ እንደገና ተራዘመ። ፈቃዱ የተሰጠው ማርች 2025 ነው። የተዘጋጀ ውሳኔ ሚኒስትር ጠረጴዛ ላይ አንድ ዓመት ተቀመጠ ማለት ነው። ይህ በጣም ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ሕጉ ሚኒስትሩ የጊዜ ገደቡን በፈለገው ጊዜ እንዲያራዝም ይፈቅድለታል። ነዋሪው አስተያየቱን በቀኑ ካላስገባ ተቀባይነት ላያገኝ ይችላል። ሚኒስትሩ ግን ለፓርላማ አጭር መግለጫ ሰጥቶ ወራት ይጨምራል።

ትልቁ ቁራጭ ግን ከማመልከቻው በፊት ያለው አምስት ዓመት ነው። የዚህ መንገድ ማመልከቻ ሰነድ ከ359,000 ገጽ በላይ እንደሆነ ተዘግቧል። ለፕላን ሂደቱ ብቻ የወጣው ገንዘብም ከ250 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ነው። አንድም ሰው ይህን ሁሉ አያነበውም። መርማሪዎቹም፣ ሚኒስትሩም፣ እርስዎም።

ለማን ነው ታዲያ የሚጻፈው? በዚህ ሥራ ውስጥ ስለሆንኩ ከውስጥ ልንገርዎት። አንድ ምዕራፍ ሲጻፍ ጸሐፊው የሚያስበው ነዋሪውን አይደለም። የሚያስበው ጠበቃን ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ፍርድ ቤት ቀርቦ «ይህ ጉዳይ አልታየም» የሚል ጠበቃ። ስለዚህ ሁሉም ነገር ይገባል። መጠነኛ ተጽዕኖ ያለውም፣ ምንም ተጽዕኖ የሌለውም። «ምንም ተጽዕኖ የለውም» የሚለውን ለማስረዳት ራሱ 200 ገጽ ይጻፋል።

ከዚህ የባሰው ደግሞ በዲዛይኑ ላይ የሚደርሰው ነው። ሕጉ ከማመልከቻ በፊት የሚደረገውን ምክክር በዝርዝር ደንግጎ ነበር፤ ማንን፣ መቼ፣ በምን መልኩ ማማከር እንዳለብዎ። አሁን ምክክሩ አልቋል እንበል። አንድ ነዋሪ ጥሩ ሐሳብ ያመጣል፤ «ይህን ድልድይ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ብታደርጉት የእግረኛ መንገዱ አይቆረጥም» ይላል። መሐንዲሱ ይስማማል። ጠበቃው ግን «ዲዛይኑን ከቀየራችሁ እንደገና ማማከር ይኖርባችኋል፤ አራት ወር» ይላል። ስለዚህ ሐሳቡ ይቀራል። ሰው እንዲደመጥ የወጣው ግዴታ፣ የተናገረው ነገር እንዳይሠራበት እንቅፋት ሆነ ማለት ነው።

አንድ የምርመራ ችሎት ላይ ያየሁት ትዝ ይለኛል። የሆቴል አዳራሽ ነው። መርማሪዎቹ ፊት ለፊት፣ በአንድ በኩል የአመልካቹ ጠበቆችና አማካሪዎች በሁለት ረድፍ፣ በሌላ በኩል አንድ አዛውንት ገበሬ የተጣጠፈ ካርታ ይዘው። ካርታው ላይ መሬታቸው በቁጥር ተከፋፍሎ፣ ለዘለቄታው የሚወሰደው ሮዝ ቀለም ተቀብቷል። ጠበቆቹ ስለ ካሳ ክርክር ተዘጋጅተዋል። ሰውየው ተነሥተው ስለ ካሳ አንድም ቃል አልተናገሩም። ጣታቸውን ካርታው ላይ አድርገው፣ «ይህ በር ከተዘጋ ላሞቼ ከዚህ ማሳ ወደ ውኃው በየት ይሄዳሉ?» አሉ። አዳራሹ ዝም አለ። ከአማካሪዎቹ አንዱ ወረቀት አገላብጦ «በጽሑፍ እንመልሳለን» አለ። መልሱ በኋላ መጣ፤ ከመንገዱ ሥር የሚያልፍ አነስተኛ መተላለፊያ ተጨመረ። ቀላል ነገር ነበር። ይህን ጥያቄ ሰውየው ማሳ ድረስ ሄዶ ከዓመታት በፊት የሚሰማ ሰው ቢኖር ችሎት ድረስ ባልመጣ። በዚያ ሁሉ ሰነድ ውስጥ ስለ ግብርና መሬት ጥራት ምዕራፍ ነበር፤ ስለ ላሞቹ መንገድ ግን የትም አልተጻፈም።

ፍርድ ቤቱን በተመለከተ መንግሥት ብዙ ያማርራል። እውነት ነው፣ ከቅርብ ዓመታት ውሳኔዎች ከግማሽ በላይ የሆኑት ፍርድ ቤት ደርሰዋል። የተሻሩት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከተሻሩት ውስጥ አንዱን በቅርበት ማየት ይጠቅማል።

ኖርፎክ ቫንጋርድ የባሕር ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ነው። ሚኒስትሩ ጁላይ 2020 ፈቀደ። ኤሌክትሪኩ ወደ ዋናው መስመር የሚገባው ኔክተን የምትባል መንደር አጠገብ በሚሠራ ትልቅ ሰብስቴሽን (የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ) በኩል ነው። ቦሪያስ የሚባል እህት ፕሮጀክትም ሰብስቴሽኑን እዚያው ሊሠራ አመልክቷል። ነዋሪዎቹ «ሁለቱ ተደምረው ምን ያደርጉናል?» ብለው ጠየቁ። መረጃው ሰነዱ ውስጥ ነበረ። ሚኒስትሩ ግን «የሁለቱን ድምር ሁለተኛው ማመልከቻ ሲመጣ እናየዋለን» ብሎ አለፈው። አንድ የአካባቢው ነዋሪ ከሰሰ። ፌብሩዋሪ 2021 ዳኛው ፈቃዱን ሻረው፤ ጥያቄው መመለስ የነበረበት ያኔ ነበር አለ። እንደገና ታይቶ የተፈቀደው ፌብሩዋሪ 2022 ነው። ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ጠፋ። ይህን ጊዜ የበላው ክሱ ነው ወይስ ሊመለስ ሲችል የተዘለለው ጥያቄ? እኔ የተዘለለው ጥያቄ ነው ባይ ነኝ።

ስቶንሄንጅ በሚባለው ጥንታዊ የድንጋይ ቅርስ ሥር ሊሠራ የነበረው የኤ303 ዋሻ መንገድም ተመሳሳይ ነው። መርማሪዎቹ አይፈቀድ አሉ፣ ሚኒስትሩ በ2020 ፈቀደ፣ ፍርድ ቤት በ2021 ሻረ፣ በ2023 እንደገና ተፈቀደ። በ2024 አዲሱ መንግሥት ገንዘብ የለኝም ብሎ ሰረዘው። ፈቃድ በፍጥነት ማግኘት በጀት አይፈጥርም።

ፖሊሲዎቹ ማርጀታቸውንም ሳልጠቅስ አላልፍም። የኢነርጂ ፖሊሲ መግለጫዎቹ በ2011 ወጥተው እስከ 2024 አልታደሱም። የመንገድና የባቡሩ በ2014 ወጥቶ የታደሰው በ2024 ነው። በመሐል አገሪቱ በ2050 የካርቦን ልቀቷን ዜሮ ለማድረስ በ2019 ሕግ አውጥታለች። ስለዚህ እያንዳንዱ ማመልከቻ ላይ «ይህ መንገድ ከአየር ንብረት ሕጉ ጋር እንዴት ይሄዳል?» የሚለው ከዜሮ ይጀመራል። የሂትሮው ችግር በሌላ በር ተመልሶ ገባ።

አሁን ወደ አዲሱ ሕግ። የፕላንና መሠረተ ልማት ሕግ ንጉሡ ያጸደቁት ዲሴምበር 2025 ነው፤ ሁሉም ድንጋጌ በአንድ ቀን ሥራ ላይ የሚውል አይደለም። ለእርስዎ ጥያቄ ዋናዎቹ ሦስት ናቸው።

የፖሊሲ መግለጫዎቹ ቢያንስ በየአምስት ዓመቱ ይታደሳሉ። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው፤ ጋዜጣ ላይ ብዙም አልተወራለትም።

የፍርድ ቤቱ ደረጃ አጥሯል። ቀድሞ ክስ ለማስፈቀድ ሦስት ዕድል ነበር፤ በጽሑፍ፣ ካልሆነ በችሎት፣ ካልሆነ በይግባኝ። አሁን የጽሑፉ ደረጃ ቀርቷል። ዳኛው ፍጹም መሠረት የሌለው ነው ያለው ክስ ደግሞ ይግባኝ የለውም። የኔክተኑን ዓይነት ክስ ይህ አይዘጋበትም። ስለዚህ አልቃወመውም።

ሦስተኛው ጎረቤቶችዎን ያስፈራው ነው። ከማመልከቻ በፊት የሚደረገው ምክክር የሕግ ግዴታ መሆኑ ቀርቷል። መንግሥት የሰጠው ምክንያት የዝግጅቱ ጊዜ በ2013 በአማካይ 14 ወር ከነበረበት በ2021 27 ወር መድረሱ ነው። ከላይ ያልኩትን ካነበቡ ለምን በከፊል እንደምስማማ ይገባዎታል። ያ ምክክር ቅጽ መሙላት ሆኖ ነበር። ማመልከቻው ከገባ በኋላ ተመዝግቦ አስተያየት የመስጠትና የመደመጥ መብት ደግሞ አለ። ነገር ግን ግዴታው ሲነሳ ሁለት ዓይነት አመልካች ይፈጠራል። አንዱ ያተረፈውን ጊዜ ማሳ ለማሳ ሄዶ ሰው ለማነጋገር ያውለዋል። ሌላው ደግሞ ዝም ብሎ ማመልከቻውን ያስገባል፤ ነዋሪው የሚሰማው ካርታው ካለቀ በኋላ ይሆናል። ሁለተኛው የሚያጋጥመው ይታወቃል፤ ጥያቄው ሁሉ በስድስት ወሩ ምርመራ ላይ በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። ፕላኒንግ ኢንስፔክቶሬት ማመልከቻ ሲቀበል «ከባለመሬቶቹ ጋር ምን ተነጋግራችኋል? ምን ቀየራችሁ?» ብሎ ማስረጃ ካልጠየቀ የተረፈው ጊዜ እዚያው ይበላል።

ከዋናው ፈቃድ ሌላ ስለሚያስፈልጉት ፈቃዶች አንድ ነገር ብቻ። ኤችኤስ2 የተባለው ፈጣን ባቡር ዋናውን ፈቃድ ያገኘው ከፓርላማ በወጣ የራሱ ሕግ ነው። እንዲያም ሆኖ የኩባንያው ሊቀ መንበር በ2024 እንደተናገሩት ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች 8,276 ፈቃዶች አስፈልገውታል። ባኪንግሃምሻየር በሚባለው አውራጃ ውስጥ የሌሊት ወፎችን ከባቡሩ ለመከላከል የሚሠራው መከለያ ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ይፈጃል። የሌሊት ወፎቹን ማዳን ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ መስመሩ ከተቆረጠ በኋላ መታሰባቸው ነው።

ይህ ወደ ወንድምዎ ይወስደኛል።

አገር ቤት ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። እንግሊዝ ፈቃዱ ላይ ዓመታት ታጠፋለች፤ ኮንትራክተሩ ሲገባ ግን መሬቱ ባዶ ነው። እኛ ጋ በጀት ይፈቀዳል፣ ጨረታ ይወጣል፣ ውል ይፈረማል፣ ማሽን ይገባል። ከዚያ ነው መስመሩ ላይ ያለው ቤት፣ የመብራት ምሰሶ፣ የውኃ ቧንቧና ማሳ የሚቆጠረው። ካሳው ይተመናል፣ ክፍያው ይዘገያል፣ በመሐል ዋጋ ይንራል፣ ባለይዞታው «በዚህ ገንዘብ አልነሣም» ይላል፤ አይፈረድበትም። ኮንትራክተሩ ቁራጭ ቁራጭ መሬት እየተሰጠው እዚህ ሁለት ኪሎ ሜትር፣ እዚያ አንድ ኪሎ ሜትር ይሠራል። ፊዲክ በሚባለው ዓለም አቀፍ የግንባታ ውል የሥራ ቦታውን ነፃ አድርጎ ማስረከብ የአሠሪው ግዴታ ስለሆነ፣ ማሽኑ ለቆመበት የጊዜ ማራዘሚያና ክፍያ ይጠየቃል። ወንድምዎ ይህን ከእኔ በላይ ያውቀዋል።

ሕጉ እንዲህ አይልም። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ተነሺዎች መሬቱን ከማስረከባቸው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ፕሮጀክቱ እንዲያውቁና እንዲመክሩ፣ ካሳም ከመነሣታቸው በፊት እንዲከፈል ያዛል። አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሥራው ከመጀመሩ በፊት እንዲያልቅ ይጠይቃል። ችግሩ የቅደም ተከተልና የገንዘብ ነው። የካሳው በጀት ከግንባታው በጀት እኩል ቀድሞ ካልተያዘ የአንድ ዓመቱ ማስታወቂያ ትርጉም የለውም። ለአገር ቤት አንድ ነገር ብቻ ምከር ብባል የምመክረው ይህንን ነው፤ ቢያንስ የመጀመሪያው ምዕራፍ መሬት ካሳው ተከፍሎ ነፃ ሳይሆን የግንባታ ውል አይፈረም። ወረቀት ላይ አንድ ዓመት የዘገየ ይመስላል። መንገዱ ግን ቀድሞ ይከፈታል።

የእርስዎን የራስዎን ቤት በተመለከተ ጥቂት ልጨምር። የሎወር ቴምዝ ክሮሲንግ ፈቃድ ተሰጥቷል፤ መሠራቱ ላይ አሁን መከራከር ጊዜ ማጥፋት ነው። የፈቃዱ ትእዛዝ ግን አባሪ አለው፤ የሥራ ሰዓት፣ ድምፅ፣ አቧራ፣ የከባድ መኪና መንገድ የሚወስኑ ግዴታዎች ያሉበት። ግዴታዎቹን መጣስ ወንጀል ነው። የሚያስከብረውም የአካባቢው ምክር ቤት ነው፤ ለእርስዎ ግሬቭሻም። ያንን አባሪ ያውርዱና ያንብቡ፤ እንደ ሌላው ሰነድ ረጅም አይደለም። ሲደውሉ «ጫጫታ በዛብን» ከማለት «ይህ ቁጥር ግዴታ ተጥሷል» ማለት በጣም ይለያል።

ቤቱ የራስዎ ከሆነ ደግሞ አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው መብት አለ። መሬትዎ ባይነካም፣ መንገዱ ተከፍቶ ከሚመጣው ድምፅ፣ ጭስ ወይም መብራት የተነሣ የቤትዎ ዋጋ ከቀነሰ በ1973ቱ የመሬት ካሳ ሕግ መጠየቅ ይችላሉ። ጥያቄው የሚጀምረው መንገዱ ከተከፈተ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው፤ ከዚያ ስድስት ዓመት አለዎት። ለግንባታው ጊዜ ጫጫታ አይደለም፣ መንገዱ ሥራ ሲጀምር ለሚመጣው ነው። ስለዚህ ከአሁኑ የመኝታ ቤትዎ መስኮት ተከፍቶ ምን ያህል ጸጥታ እንዳለ በቪዲዮ ይቅረጹ፣ ቀኑን ይጻፉበት፣ የቤቱን የቅርብ ጊዜ ዋጋ ግምት ካለዎት አብረው ያስቀምጡ። ለጎረቤቶችዎም ይንገሯቸው።